ሳይነግሥ የገዛ፤ ራስ ሚካኤል ስሑልና የግሪኮች «ቲራኖስ»

(በኮልፌ ቀራንዮ በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



 ንግግሩን ያዘጋጀነው የታሪክ ክበብ አባሎች ሦስት ነን። የሚያነበው አንዱ ቢሆንም ስሕተቱ የሦስታችንም ነውና «እኛ» እያልን ብንናገር እንደ ንጉሥ መናገር አማራቸው ተብለን እንዳንታማ።

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ስለ ጥንቷ አቴና ገዥ ስለ ፔይሲስትራቶስ ሲያስተምሩን ከመካከላችን አንዱ እጁን አንሥቶ፣ «በኛስ አገር እንዲህ ያለ ሰው ነበረ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ አፍ «ቴዎድሮስ!» አለ። መምህራችን ፈገግ ብለው «እስቲ ፈልጋችሁ ኑ» አሉን። እነሆ ፈልገን መጣን፤ ያገኘነው ግን ቴዎድሮስን አይደለም።

ለምን አይደለም? ካሳ ኃይሉ ከቋራ ተነሥቶ በጦር ሜዳ ሁሉን አሸንፎ ሥልጣን መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዘውዱን በገዛ ራሱ ላይ ደፋ፤ በገዛ ስሙም ገዛ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞትም የሞተው ንጉሥ ሆኖ ነው። ወዳጁም ጠላቱም ማን እንደሚገዛው ያውቅ ነበር። ጨካኝ ንጉሥ ነበረ የሚል ይኖራል፤ እኛም አንከራከረውም። ነገር ግን ግሪኮች ቲራኖስ ያሉት ነገር ከጭካኔ የተለየና ለማየት የሚያስቸግር ነገር ነው።

ቃሉ በመጀመሪያ ስድብ አልነበረም። ግሪኮች ከታናሿ እስያ ሕዝቦች እንደ ወሰዱት ይነገራል። ትርጓሜውም በአባት ውርስ ወይም በሕግ ሳይሆን በራሱ ብልሃትና ጉልበት ሥልጣን የጨበጠ ሰው ማለት ነበር። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ የሚሰማንን መራራነት ያጠበቁበት ኋላ የመጡት እነ ፕላቶንና አሪስቶትል ናቸው።

የፔይሲስትራቶስን ታሪክ ለማታውቁት በአጭሩ እናውጋችሁ፤ ለምናወራው ለራስ ሚካኤል መስተዋት ይሆነናልና። በዚያን ጊዜ አቴና በሦስት ወገን ተከፍላ ትናከስ ነበር፤ የሜዳው፣ የባሕር ዳሩና የተራራው ወገን ይባሉ ነበር። ፔይሲስትራቶስ የተራራውን ወገን ያዘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ561 ዓመት ገደማ ራሱንና በቅሎዎቹን አቁስሎ ሠረገላውን ወደ ገበያው አደባባይ እየነዳ መጣና፣ «ጠላቶቼ ሊገድሉኝ ነበር» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡም አዝኖ ዱላ የያዙ ዘበኞች ፈቀደለት። በእነዚያ ዘበኞች አክሮፖሊስን ያዘ። ልብ በሉ፤ ዘበኞቹን የሰጠው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ያውም በጉባኤ ተሰብስቦ፣ ድምፅ ሰጥቶ።

ኹለት ጊዜ አባረሩት፤ ኹለት ጊዜም ተመለሰ። አንደኛውን ጊዜ የተመለሰው የባላንጣውን የሜጋክሌስን ልጅ ለማግባት ቃል ገብቶ፣ አንዲት ቁመተ ረጅም ሴት የጦር ልብስ አልብሶ በሠረገላ አቁሞ፣ «አቴና አምላኪቱ ራሷ ይዛው መጣች» እያስባለ ነው። ሄሮዶቱስ ይህን ሲጽፍ ከግሪክ ሁሉ ብልህ የሚባሉት የአቴና ሰዎች በዚህ መታለላቸው ገርሞታል። እኛ ግን ብዙም አልገረመንም። በመጨረሻው ጊዜ ግን ተረት አላስፈለገውም። በሰሜን በጳንጋዮን ተራራ አካባቢ ከማዕድን ገንዘብ አግኝቶ፣ በገንዘቡ የውጭ ወታደር ቀጥሮ በ546 ገደማ ገባና በ528 ወይም በ527 በአልጋው ላይ እስኪሞት ድረስ ገዛ።

ታዲያ ሲገዛ ምን አደረገ? የሶሎንን ሕግ አልሻረም። ሹማምንቱ በየዓመቱ ይመረጡ ነበር፤ ጉባኤውም ይሰበሰብ ነበር። የሚመረጡት ግን እርሱ የሚወዳቸው ሰዎች መሆናቸውን ይጠነቀቅ ነበር። ለድኻ ገበሬ ገንዘብ ያበድር ነበር፤ ገበሬው ወደ ከተማ እየመጣ እንዳይንገላታም ዳኞችን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። አሪስቶትል እንደሚነግረን ደግሞ ይህ ዳኞችን መላክ ለገበሬው ከማዘን ብቻ የመጣ አልነበረም። ገበሬው በእርሻው ሲውል በከተማ የሚሆነውን ነገር ለመመርመር ጊዜም ፍላጎትም አይኖረውም።

ከዚያው ከአሪስቶትል ያገኘነውን አንድ ወሬ ሳንነግራችሁ ማለፍ አልቻልንም። ፔይሲስትራቶስ በሂሜቶስ ተራራ ሥር ሲያልፍ ድንጋይ ብቻ የሆነ መሬት የሚቆፍር ሽማግሌ አየና ከዚህ ምን ታገኛለህ ብሎ አስጠየቀው። ሽማግሌው ጠያቂው ማን መሆኑን ሳያውቅ፣ የማገኘው ድካምና ሕመም ነው፤ ከዚያም ላይ ፔይሲስትራቶስ አሥራቱን ሊወስድ ይገባዋል ብሎ መለሰ። ገዥው ስቆ ከግብር ነጻ አወጣው። ይህን ስናነብ እኛም ሳቅን። ኋላ ግን ከሦስታችን አንዱ፣ «ሽማግሌው ነጻ የወጣው በሕግ ነው ወይስ በሳቅ?» ብሎ ጠየቀንና ዝም አልን። ጎረቤቱስ? የጎረቤቱም መሬት ድንጋይ ነበረ፤ ነገር ግን የሚያስቅ ነገር አልተናገረም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

ሚካኤል ስሑል የትግራይ ሰው ነው። «ስሑል» ማለት የተሳለ፣ ብልህ ማለት ነው፤ ስሙ ጠባዩን ይናገራል። (ስለዚህ ሰው ክፉ በተናገርን ቁጥር ስለ ተወለደበት አገር እንደ ተናገርን የሚቆጥር ካለ ከአሁኑ እንዲተወን እንለምናለን። ከእርሱ እጅ ከማንም ቀድመው የቀመሱት የገዛ አገሩ ሰዎች ናቸው።) መቀመጫው አድዋ ነበር። በዚያ የነበረውን ቤቱን ያየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከመኖሪያ ይልቅ ወህኒ ቤት ይመስላል ብሎ ጽፏል። ገንዘብ እስኪከፍሉ ድረስ በሰንሰለት የታሰሩ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ነበሩበት።

ወጣት ሳይሆን ብዙ ዓመት በትግራይ ሲሾም ሲሻር ኖሯል። በዐፄ ኢያሱ ኹለተኛ ዘመን ሸፍቶ ነበር። ንጉሡ ዘምቶ በአምባ ከከበበው በኋላ እንደ አገራችን ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት ለመነ፤ ተማረም። ይህ ነገር ሲነበብ ታላቅ ይመስላል፤ ንጉሥ መሐሪ ነው። ነገር ግን ሚካኤል ከዚያ ምሕረት በኋላ ያደረገውን ስንመለከት የተማረው ትምህርት ማሸፈት ክፉ መሆኑን ሳይሆን፣ ንጉሥን ከውጭ መግጠም እንደማያዋጣ ነው የሚመስለው።

ኃይሉ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ጠንከር አድርገን መጠየቅ አለብን፤ ታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚነግረን ስለ ጀግንነት ነውና። የሚካኤል ጳንጋዮን ጨውና ባሕር ነበሩ። አሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው በትግራይ በኩል ነው። አሞሌ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን በጎንደርም በጎጃምም ገበያ እንደ ገንዘብ የሚሠራ ነበር። እንግዲህ የትግራይ ገዥ በየኬላው ቀረጥ ሲቀበል ከአገሪቱ ገንዘብ ላይ እየቀረጠ ነበር ማለት ነው። ሌላው በር ምጽዋ ነው። ጠመንጃ የሚገባው በዚያ ነበር። ሚካኤል በጨው ቀረጥ ጠመንጃ እየገዛ፣ ነፍጥ የያዘ እግረኛ አደራጀ። የሌሎቹ መሳፍንት ኃይል ጦርና ጋሻ የያዘ ፈረሰኛ በነበረበት ጊዜ ይህ ታላቅ ልዩነት ነው። ጎንደር የነበሩት መኳንንት ስለ ዘር ሐረግ ሲከራከሩ እርሱ ባሩድ ይቈጥር ነበር።

በጎንደር የነበረው ሁኔታ እንዲህ ነው። ዐፄ ኢያሱ ኹለተኛ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ኢዮአስ ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ። የሕፃኑ አያት እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ መንግሥቷ ሆና መንግሥቱን ትጠብቅ ነበር፤ ወንድሟ ራስ ወልደ ልዑልም ጉልበቷ ነበር። የሕፃኑ እናት ውቢት ግን የኦሮሞ ተወላጅ ነበረችና ወንድሞቿ ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ የቤተ መንግሥቱም ወግና ቋንቋ መለወጥ ጀመረ። እንግዲህ የአያት ወገንና የእናት ወገን ሆኑ። ይህ ጠብ ኋላ ሰዎች እንዳደረጉት የዘር ጠብ ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይመስለንም። በአንድ ቤት ውስጥ ሹመት የማን ይሁን የሚል የአማቾችና የዘመዶች ጠብ ነበር፤ ዘር የተጠራው ለምስክርነት ነው።

ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ሞተ። ሚዛኑ ተሰበረ። ከዚህ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ ስሙን። ወጣቱ ንጉሥ የበጌምድርን ሹመት ለእናቱ ወንድም ለብርሌ ሰጠ። በጌምድርን ይገዛ የነበረው ያማርያም ባርያው፣ የእቴጌይቱ አማች፣ አልለቅም አለ፤ ተዋግቶም ብርሌን ገደለ። ንጉሡ ደሙን ለመበቀል ኃይል ስላልነበረው ሚካኤልን ከትግራይ ጠራው። ሚካኤልም መጣ፤ ያማርያም ባርያውን ድል አደረገ፤ ሰውየውም ሸሽቶ በጠላቶቹ እጅ ሞተ። ሚካኤልም መበለቲቱን ወይዘሮ አስቴርን፣ የምንትዋብን ልጅ፣ አገባ። የእርሱ ልጅ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ ሌላይቱን የምንትዋብ ልጅ አልጣሽን አግብቶ ነበር። የሜጋክሌስን ልጅ አስታወሳችሁ? ባንድ ዘመቻ የእናት ወገን ጠላት ጠፋ፤ ባንድ ሠርግ የአያት ወገን አማች ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሚካኤል በር ሰብሮ አልገባም። ተጠርቶ ነው የገባው። የጠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ጠባቸው ስለ መረራቸው ብቻ፣ አንዱ ብርቱ ሰው ይምጣና ይለይልን አሉ። ይህን ስናነብ ታሪክ ያነበብን አልመሰለንም፤ ያለፈውን ዓመት ጉባኤያችንን ነው ያስታወሰን። በዚህ ማኅበር ውስጥ ያለን ሁላችን እናስታውሰዋለን። በዶርም ኮሚቴና በመጽሔት ኮሚቴ መካከል ስለ ገንዘብ ጠብ ተነሣ፤ ሦስት ስብሰባ በጩኸት ተበተነ። በአራተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ጓደኛችን፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ክፉ ሰውም አይደለም፣ ጠረጴዛውን መትቶ ሁሉን ዝም አሰኘ። እኛም በእፎይታ አጨበጨብን። ሣጥኑና ማኅተሙ ለአንድ ወር በእርሱ እጅ ይሁን ብለን እጃችንን አነሣን። ከእኛ ከሦስታችን ኹለታችን እጃችንን ካነሡት መካከል ነን፤ ሦስተኛችን ምሳ ሊበላ ወጥቶ ነበር። አንዱ ወር አሥር ወር ሆነ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ይህንን በግልጽ እንመሰክራለን። ቃለ ጉባኤ መጻፍ ግን ቀረ፤ ስብሰባም የሚጠራው እርሱ ሲፈልግ ሆነ፤ የሚገርመው ደግሞ ብዙዎቻችን ይህ መሆኑን ያወቅነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጸጥታው ደስ ብሎን ነበር።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ዐፄ ኢዮአስ የጠራው ሰው አልሄድም ሲለው ጊዜ ደነገጠ። ወደ ዳሞቱ ገዥ ወደ ፋሲል ዞረ። ሚካኤልና ፋሲል ከጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ሲዋጉ ንጉሡ በስም ከሚካኤል ጋር ነበር፤ ነገር ግን በሚካኤል ላይ ከንጉሡ ወገን ጥይት ተተኮሰ ተባለ። ጥይቱ እርሱን አልገደለውም፤ ምክንያት ግን ሆነው። በግንቦት 1761 ዓ.ም. ኢዮአስ በሻሽ ታንቆ ተገደለ። ከሰሎሞናዊ ዘር ነው የሚባል ንጉሥ በገዛ ራሱ ሹም ትእዛዝ በድብቅ ሲገደል አገሩ በዝምታ ተመለከተ። ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች የዘመነ መሳፍንትን መጀመሪያ ከዚያች ቀን ይቈጥራሉ፤ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ የሚያደርሱትም አሉ።

አሁን ልብ አድርጉ፤ ሚካኤል ንጉሡን ሲገድል ዘውዱ ባዶ ነበረ። ጠመንጃ ያለው እርሱ ነው። ለምን አልነገሠም? ሊነግሥ አልቻለም እንጂ አልፈለገም አንልም። የሰሎሞን ዘር አይደለም፤ ዘሩ ሳይኖረው ቢነግሥ ካህናቱም መኳንንቱም ባንድነት ይነሡበት ነበር። ስለዚህ ዙፋኑን ሳይነካ ከዙፋኑ ኋላ ቆመ። ከወህኒ አምባ አንድ ሽማግሌ አስመጣ፤ ስሙ ዮሐንስ ነበር፤ የታላቁ ኢያሱ ልጅ፣ የዐፄ በካፋ ወንድም፣ ሰባ ዓመት ያለፈው። ዕድሜውን በእስር አምባ የፈጀ፣ አንድ እጁም የተቆረጠ ሰው ነበር። እጁ የጎደለ ሰው ደግሞ በአገሩ ሥርዓት ለንግሥና አይበቃም ነበር። ሥርዓቱን ለመጠበቅ ሲል የሰሎሞንን ዘር ፈለገ፤ ያገኘውን የሰሎሞን ዘር ግን ሥርዓቱ የከለከለው ነበር። ሚካኤል ከሥርዓቱ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ብቻ ይወስድ ነበር።

ሽማግሌው ንጉሥ ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ይህን ነገር ለመናገር ብቻ እንኳ ይህ ንግግር ይበቃን ነበር። ሚካኤል በፋሲል ላይ አብረኸኝ ዝመት ሲለው አልዘምትም አለ። ጠመንጃ የሌለው፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው፣ ከእስር ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሽማግሌ «እምቢ» አለ። በጥቅምት 1762 ዓ.ም. መርዝ አበሉትና ሞተ። ዐፄ ዮሐንስ ኹለተኛ በመንገሥታት ዝርዝር ውስጥ በአንዲት መስመር የሚታለፍ ነው። በተማሪነታችን እኛም በአንድ መስመር ነው ያለፍነው። ስለ ሶሎን፣ ፔይሲስትራቶስ ዘበኛ ሲጠይቅ ተነሥቶ ተቃውሞ፣ የሚሰማው ሲያጣ የጦር መሣሪያውን ከደጃፉ ላይ አኖረ ይባላል። ሶሎንን የዓለም ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የኛን ባለ አንድ እጅ ሽማግሌ የሚያውቀው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፤ ዕድሜው አሥራ አምስት ገደማ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ንጉሥ ማለት ነው። በዚያው በ1762 ዓ.ም. ሚካኤል ፋሲልን ፋግታ ላይ ድል አደረገው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት፣ ብሩስ ጎንደር ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። መጽሐፉ በአምስት ቅጽ የታተመው ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። ብሩስ ራሱን ማሞገስ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ የአገሩ ሰዎች ብዙውን አላመኑትም፤ እኛም ስለ ራሱ ጀግንነት የሚለውን በጥንቃቄ ነው የምናነበው። ስለ ሚካኤል የሚነግረን ግን በዓይኑ ያየውን ነው። ቀጭንና ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነበር ይላል። ዳኝነት ሲቀመጥ ፈጣን ነበር። መንገደኛን የሚዘርፍ ወንበዴ ይፈራው ነበር። ለዚህም ነው ጥቂት የማይባሉ ሰዎች የወደዱት። ለአንድ አገር ሰላም ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው በሌሊት መንገድ ሄዶ የማያውቅ ብቻ ነው።

ነገር ግን የዚያን ሰላም ዋጋ ብሩስ ራሱ አይቶታል። በ1762 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የአምሐራው ጎሹና የበጌምድሩ ወንድ በወሰን ከፋሲል ጋር ሲተባበሩ ሚካኤል ወጣቱን ንጉሥ ይዞ ወደ ትግራይ ሸሸ። በጎንደር ሱስንዮስ የሚባል ሌላ ንጉሥ ተሰየመ። ሚካኤል በታኅሣሥ 1763 ዓ.ም. በጠመንጃ ተመልሶ ሲገባ ያደረገውን ከተማይቱ ለብዙ ጊዜ አልረሳችውም። ቀን በቀን ሰው ተሰቀለ፣ ተቆራረጠ። ዐቃቤ ሰዓቱ አባ ሰላማ ተሰቀለ። ሬሳው ሳይቀበር በየመንገዱ ስለሚጣል ጅብ ከተማውን ወረሰው። የብሩስ ውሾች እንኳ የሰው ራስና ክንድ ይዘው ወደ ግቢው ይገቡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ የግሪክ ወሬ አለ። የቆሮንቶስ ገዥ ፔሪያንድሮስ ወደ ሚሌጦስ ገዥ ወደ ትራሲቡሎስ መልእክተኛ ልኮ፣ አገሬን እንዴት አድርጌ ብገዛ ይሻለኛል ብሎ ጠየቀው። ትራሲቡሎስ አንድ ቃል አልመለሰም። መልእክተኛውን ወደ እህል ማሳ ይዞት ሄደና እየተራመደ ከሌላው ከፍ ብሎ ያየውን እሸት ሁሉ እየቀነጠሰ ጣለው። መልእክተኛው ምንም አልገባውም፤ ፔሪያንድሮስ ግን ገባው። ይህ ወሬ የሚነገረው ስለ ገዥዎቹ ጭካኔ ነው። እኛ ግን የገበሬ ልጆችም አለንበትና ስለ ማሳው እንጠይቃለን። ረጅሙ እሸት የተቀነጠሰበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩ ከየት ይመጣል? ጎንደር ከሚካኤል በኋላ ያገኘችው መልስ ይህ ነው። በግንቦት 1763 ዓ.ም. ሰርባኩሳ ላይ ተሸነፈና ተማረከ። ሚካኤል ሄደ፤ ነገር ግን የቀነጠሰው አልበቀለም። ሊያማክር፣ ሊያስታርቅ፣ ሕግ ጠቅሶ «ይህ አይሆንም» ሊል የሚችለው ሰው ሞቶ ወይም ፈርቶ አልቋል። የቀረው ነገር አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ንጉሥ በእጅ ከያዙ መንገሥ አያስፈልግም የሚል። ያንን ትምህርት ከእርሱ በኋላ የመጡት ራሶች ሁሉ አጠኑት። እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ በጎንደር ነገሥታት ይሾሙ ይሻሩ ነበር፤ አንዳንዱ ሦስትና አራት ጊዜ።

ከዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ንግግሩን ስናዘጋጅ ያነሣብንን መቃወሚያ ልንሸሽገው አይገባም። «ፔይሲስትራቶስ ገበሬውን ረድቷል፤ ከእርሱ በኋላም አቴና ዲሞክራሲን አገኘች። ስለዚህ ቲራኖስ የታሪክ ድልድይ ነው፤ መሳፍንቱን ይሰብርና ለሕዝብ መንገድ ይጠርጋል» አለን። ይህ ሐሳብ በመጻሕፍትም አለ፤ የሚናቅ አይደለም። የኛ መልስ ግን ይህ ነው። በአቴና ዲሞክራሲ የመጣው ፔይሲስትራቶስ ስለ ሰጠ አይደለም። ልጁ ሂፓርኮስ በ514 ተገደለ፤ ሌላው ልጁ ሂፒያስ ከዚያ በኋላ ጨከነ፤ በ510 ተባረረ፤ በ490 ደግሞ ከፋርሶች ጋር ሆኖ በማራቶን በገዛ አገሩ ላይ መጣ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን የሶሎን ሕግ በከፊልም ቢሆን ተጽፎ ቆሞ፣ ጉባኤውም ለይስሙላ እንኳ ይሰበሰብ ነበር። ሰዎቹ የሚመለሱበት ቤት ነበራቸው። ጎንደር ምን ነበራት? ፍትሐ ነገሥት ነበራት፤ ፍትሐ ነገሥት ግን ንጉሥ እንዴት ሊገዛ እንደሚገባ ይናገራል እንጂ ንጉሡን ሹሙ በሻሽ ሲያንቀው ማን ተሰብስቦ ማንን እንደሚጠይቅ አይናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ሰፈር። በ1954 ዓ.ም. አንድ ደቡብ አፍሪካዊ የሕግ ጠበቃ እዚሁ ኮልፌ በነበረው የጦር ሠፈር መሣሪያ መተኮስ ሲማር ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላ ነው። እዚህ ያመጣነው ለሰፈራችን ክብር ብቻ አይደለም። ከ27 ዓመት እስር በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 አንዱን የሥልጣን ዘመኑን ብቻ ፈጽሞ ወረደ። ሕዝቡ ቢጠይቀው አይቀጥልም ነበር ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያንሣ። የሥልጣን ዘመኑ ልክ ግን እርሱ ሳይመረጥ በፊት ተጽፎ ነበር።

የሚካኤልን ፍጻሜ ሳንነግራችሁ እንዳንቀር። ከሰርባኩሳ በኋላ ጎንደር ገብቶ በቤቱ ተቀምጦ ማራኪዎቹን ጠበቃቸው፤ ወንድ በወሰንም እስረኛ አድርጎ ወደ በጌምድር ወሰደው። የተገደለ ይመስላችኋል? አልተገደለም። ከአንድ ዓመት በኋላ ፈቱትና ወደ ትግራይ ሹመቱ ተመለሰ፤ ብዙ ዓመት ገዝቶም በእርጅና ሞተ። ለምን ፈቱት ብለን ብዙ ተከራከርን። አንዳችን «ከሱ የባሰ እርስ በርሳቸው ስለ ተፈራሩ ነው» አለ፤ ሌላኛው «ጨዉን የሚያስመጣላቸው ሌላ ስላልነበረ ነው» አለ። ኹለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። በልጅነቱ ያነገሠው ተክለ ሃይማኖት ደግሞ በ1769 ዓ.ም. ከዙፋን ወርዶ ወደ ዋልድባ ገባ፤ መነኵሴ ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ገና ሃያ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የኛ ዕድሜ ማለት ነው።

ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። የፊታችን ቅዳሜ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ደንብ ማሻሻያ እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ። ስድስተኛው አንቀጽ ሣጥኑና ማኅተሙ በኹለት ሰው እጅ እንዲሆኑ፣ ቃለ ጉባኤውም በሦስት ቀን ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ይላል። አንቀጹን ያረቀቀው ያ ጠረጴዛውን የመታው ጓደኛችን ራሱ ነው፤ አሁንም ከኋላ መስመር ተቀምጦ ይስቅብናል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከመምህራኖቻችን እንጀምር።